እርማት፦ ክፍት ፊልትሮ ቀዝቃዛ አየር አይሰጥም

ወንድማችን የአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስን የፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ቤት አውልቆ ክፍት ፊልትሮ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ መግጠም ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እንደሚሰጥና በደጋ የሚጠፋውን ጉልበት እንደሚመልስ የጻፉት በእኛ በጎጃም ሾፌሮች ዘንድም ደጋግሞ የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጉልበት የሚጨምረው የሚገባው አየር ቀዝቅዞ ጥቅጥቅ ሲል ነው፤ ክፍቱ ፊልትሮ ግን የሚስበው ራዲያተሩና የጭስ ማውጫው ያሞቁትን የኮፈን ውስጥ አየር ነው። ውጭው 20 ዲግሪ፣ የኮፈኑ ውስጥ ደግሞ 50 ዲግሪ ቢሆን አየሩ በ9 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። እኔም አምኜበት ገጥሜው ነበር፤ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ መንገድ ላይ ቆሜ ኮፈኑን ብከፍት የፊልትሮው ክዳን እጅ ያቃጥል ነበር።

በቤት የሚሠራው የሚሻለው፣ ዋናውን የፊልትሮ ቤት እንዳለ ትቶ፣ ሙቀት የሚችል ቱቦ አፉ ላይ በፋሼታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቆ በራዲያተሩ ጎን ወደ ፊት ማውጣት ነው። የቱቦው አፍ ግን ከባምፐር በታች አይውረድ፤ በክረምት ጎርፍ ሲሻገሩ ውሃ ከሳበ፣ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ አይታመቅምና ቢየላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ይህን የሚመልስ ቱቦ የለም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ስለሚያበዛ፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተነቅሎ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከተገኘበት አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ካርቡሬተሩ ነው።