አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጥር ላይ ማን ይሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ የግድግዳ ሥዕል እየበዛ ነው። ደስ ይላል። ግን ጀበናና አንበሳ የትም ሰፈር ይሳላል። አቃቂ ላይ የሚሳለው አቃቂን ይምሰል። ለዚህ ደግሞ ከድሮው ባቡር ጣቢያ የተሻለ ቦታ የለም።

ስለ ባቡር ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መሃል ከተማ ያለውን ጣቢያ፣ ለገሃርን ነው። አቃቂ ግን ይቀድማል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አቃቂ የገባው በ1915፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917። በመሃል ባሉት ሁለት ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ አቃቂ ነበር። ከወደብ የመጣው ጭነት እዚህ ይራገፋል፤ የቀረችውን 23 ኪሎ ሜትር ያለ ባቡር ይጓዛል። እኔ ብሆን ሥዕሉን ከዚህ ነው የምጀምረው። ፉርጎው ተከፍቶ፣ ጭነቱ ተቆልሎ፣ አጋሰሱ ቆሞ፣ ነጋዴው ከጫኙ ጋር በዋጋ ሲከራከር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። ይሄም ይሳል። እሱን የሚረሳ ሠዓሊ አይኖርም። እኔን የሚያሳስበኝ የሌሎቹ ነው።

ከድሬዳዋ በባቡሩ ጨርቅ ይዘው ይመጡ የነበሩት ሴቶች የት ይሳላሉ? ጨርቁን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከላይ ቀሚስ ደርበው፣ ፈታሽ በመጣ ቁጥር ልባቸው ይመታ የነበረው። ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ሊዘለሉ ይችላሉ። እንዳይዘለሉ! በዚያ ንግድ ስንት ልጅ አድጓል፣ ስንቱ ተምሯል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ለእነሱም አንድ ጥግ ይተውላቸው።

ጣቢያው ራሱ ግን በፍጹም ቀለም እንዳይነካው። አሮጌ ግንብ በፕላስቲክ ቀለም ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ልስኑ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። ለሥዕሉ አጥሩ ይበቃል።

የዛሬ የአቃቂ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ይወቀው? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ መነሻው ሌላ ሰፈር፣ ለቡ ሆነ። በድሮው ሐዲድ የሠሩት ደግሞ አርጅተዋል። ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋቸው የነበረ፣ የመስመሩን እያንዳንዱን ድልድይ በስም የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት እነሱ ጋ ይሂድ። ፉርጎው ምን ቀለም ነበር? ባቡሩ ሲቆም በመስኮት ምን ይሸጥ ነበር? ቲኬት ቆራጩ ምን ይለብስ ነበር? ፎቶ ያላቸውም አይጠፉም።

ክፍለ ከተማው ይህን ሥራ ካሰበው ቀለም ለመግዛት አይቸኩል። መጀመሪያ ለሠዓሊዎቹ አንድ ወር ይስጣቸው፤ ከጡረተኞቹ ጋር ቁጭ ብለው ይጫወቱ። ረቂቁም ለሰፈሩ ሰው ይታይ። የጎደለውን የሚያውቀው እሱ ነው።