እርማት፦ የነጣ ኮራል ሁሉ የሞተ አይደለም

ወገኖቼ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ደሴታማ አገር በሲሼልስ በተነሳ የነጭ ኮራሎች ፎቶ ስር «ከነጣ በቃ ሞቷል፤ ቢረገጥም አይጎዳም» የሚል ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተጻፈ ይመስለኛል። ግን ስህተት ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች (ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት) ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም ይሰጡታል። የባሕሩ ሙቀት ከወትሮው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ነጩ ነገር ከስር ያለው አጽሙ ነው። ተርቧል እንጂ አልሞተም። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ይመለሳሉ።

ለመለየት ሳትነኩ ቀረብ ብላችሁ እዩ። በሕይወት ባለው ላይ ስስ ሥጋው፣ አንዳንዴም ጥቃቅን መዳሰሻዎቹ ይታያሉ። የሞተውን ግን ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ አልጌ ያለብሰዋል።

ሞት የለም እያልኩ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በሲሼልስ ውስጠኛ ደሴቶች ከ90 በመቶ በላይ ኮራል አልቋል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ክትትል ከተደረገባቸው 21 ሪፎች (ኮራል የሠራቸው የባሕር ውስጥ አለቶች) 12ቱ በቀጣዮቹ ዓመታት አገግመዋል። ለዚህ የተረፈው ኮራል ሁሉ ዘር ነው። እዚያ የምትዋኙ፣ እባካችሁ የነጣው ላይ አትቁሙ።