ድባቴን ከወረቀቱ ላይ ለምን ቆረጣችሁት?

ባለፈው ወር ቨርጂኒያ ውስጥ በተደረገው የማኅበረሰባችን የጤና ቀን በመዥገር ንክሻ ስለሚተላለፈው ላይም ስለተባለ በሽታ የሚያስረዳ የአማርኛ በራሪ ወረቀት ታድሏል። እሰየው ነው። መዥገር ከሣር ላይ እንዴት እንደምትወጣብን፣ በሹል ወረንጦ እንዴት እንደምትነቀል፣ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ፣ ሁሉም በንጹሕ አማርኛ ተጽፏል። ረቂቁ ለእርማት ለእኔም ተልኮ ስለነበር ግን አንባቢው የማያውቀውን አንድ ነገር አውቃለሁ። በረቂቁ ላይ አምስት መስመር የማትሞላ አንቀጽ ነበረች። ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ሊብስ እንደሚችል፣ በሕክምናው ወቅትም ሆነ ከዚያ በኋላ ድባቴ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሁለቱም ለሐኪም መነገር እንዳለባቸው ትናገራለች። ታትሞ በተሰራጨው ላይ የለችም። በቦታዋ የአንድ ስፖንሰር ዓርማ ተንሰራፍቷል።

ደውዬ ጠየቅሁ። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ በዕድሜም በሥራም የማከብራቸው ሰው፣ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሰው ፈርቶ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ነው አሉ። ደግሞም ድባቴ የኑሮ ጣጣ እንጂ የላይም ምልክት አይደለም አሉ። ቀጥለውም፦ «ወንድሜ፣ የእኛን ሰው ታውቀዋለህ። ድባቴ አለ ካልከው ድባቴ ይይዘዋል።»

ይይዘዋል! ያው ወረቀት የላይም በሽታ ጉልበትን ሊያሳብጥ እንደሚችል ይናገራል፤ አንብቦ ጉልበቱ ያበጠ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የፊት ጡንቻ ሊሰንፍና ፊት ሊጣመም እንደሚችልም ይናገራል፤ ከጤና ቀኑ ፊቱ ተጣሞ የወጣ የለም። ለጉልበትና ለፊት ያልሠራው አስማት ለድባቴ ብቻ የሚሠራው በምን ሥልጣኑ ነው? «የእኛ ሰው» የሚሉትስ ማንን ነው? የሱዳንን በረሃ በእግሩ ያቋረጠውን፣ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልከውን ነው። ይህ ሰው ነው አምስት መስመር ስታነቡለት የሚወድቀው? ንቀትን በአዘኔታ ሸፍኖ ማቅረብ ልማድ ሆኖብናል።

ስለዚህ ጉዳይ በቁጣ የምጽፈው በወሬ ስለሰማሁት አይደለም። መዥገሯ እኔንም አግኝታኛለች። በልጅነታችን ከላም ጡት ሥር የምንነቅለውን፣ ደም ጠጥቶ እንደ ባቄላ የተነፋውን መዥገር እናውቃለን፤ የዚህ አገሯ ጫጩት ግን ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ባለቤቴ ጎመንና ዳማከሴ የተከለችበት የጓሮ መደብ ከጫካ ጋር ይዋሰናል፤ ጎመኑን ሊበሉ የሚመጡት አጋዘኖች መዥገሯን አራግፈውልን እንደሚሄዱ ማን አሰበ? ጭኔ ላይ የወጣው ሽፍታ በሥዕሎቹ ላይ እንደሚታየው ቀይ ክብ አልነበረም፤ በጠይም ቆዳ ላይ የተመታ ቦታ ይመስል ነበር። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲጨምርበት ባለቤቴ «ምች ነው» አለች፤ ዳማከሴውን ጨመቀችልኝ። አልፈርድባትም። የአሜሪካ የጤና መዝገቦችም ቢሆኑ ጥቁር ሕመምተኞች ሽፍታው ሳይታይላቸው ቀርቶ በሽታው መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ በኋላ ይበልጥ እንደሚታወቅላቸው ያሳያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሽፍታው ጀርባዬና ክንዴ ላይ ሲደገም ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ዶክሲሳይክሊን፣ 100 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ፀሐይ አትሙቅ፣ ከዋጥህ በኋላ ወዲያው አትተኛ ተባልሁ። ሌላ የተነገረኝ የለም።

የመጀመሪያዋን እንክብል ጠዋት ዋጥሁ። ማታ ላይ በሐምሌ ሙቀት ጋቢ ደርቤ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጨምሬ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ልቤ ትመታለች፣ አጥንቴ ውስጥ የገባ ሰው ያለ ይመስላል፣ ጠዋት ከነበርሁበት በእጥፍ ብሶብኛል። ባለቤቴ በሌሊት ስልክ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰው ምናልባት መድኃኒቱ አልተስማማው ይሆናል፣ ለጊዜው ያቁም አላት። አቆምሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ መድኃኒት ተቀመጥሁ፤ ያችን ብልቃጥ እንደ መርዝ ነበር የማያት።

እንግዲህ «ሰው ፈርቶ መድኃኒቱን ያቋርጣል» ወደሚለው እንምጣ። እኔን መድኃኒት ያስቋረጠኝ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ የማስጠንቀቂያ መጥፋት ነው። አስቀድሞ አንድ ሰው «ዛሬ ማታ ሊያንቀጠቅጥህ ይችላል፤ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ካላለፈ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ደውል» ቢለኝ ኖሮ ጋቢዬን ተከናንቤ እየተንቀጠቀጥሁ ሁለተኛዋን እንክብል እውጥ ነበር። የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ሐኪሙን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ራሱን ይጠረጥራል። ለምጥ የተዘጋጀች ሴትና ምን እንደያዛት የማታውቅ ሴት እኩል ይጮኻሉ እንዴ? ማንኛዋም አዋላጅ የምታውቀውን ነገር የበራሪ ወረቀት ኮሚቴ እንዴት ያጣዋል?

ይህ የመጀመሪያ ቀን መባስ ስም አለው፤ የያሪሽ-ኸርክስሃይመር ግብረ መልስ ይባላል። አዶልፍ ያሪሽ የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895፣ ካርል ኸርክስሃይመር የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በ1902 ቂጥኝ ሲታከም ያዩትን ጽፈዋል። ጀርሞቹ በመድኃኒት በጅምላ ሲሞቱ ሰውነት በቁጣ ይነሣል፤ ትኩሳቱ፣ ብርዱ፣ የልብ ምቱ የዚያ ቁጣ ነው። የላይም በሽታ በጊዜ ሲታከም 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሰዎች ላይ ይታያል፤ በአንድ ቀን ገደማ ይበርዳል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ይህን ግብረ መልስ ዓለም በደንብ ካጠናባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የላይም የቅርብ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በመዥገር ፋንታ በልብስ ቅማል የሚጓዝ የድሃ በሽታ። ለእርሱ አንቲባዮቲክ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ የሚነሣው መንቀጥቀጥ በላይም በሽታ ከሚታየው እጅግ የከፋ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ ያደረጉት ሙከራ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ ግብረ መልሱን የሚገታ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ፣ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ደግሞ 10ሩ ብቻ ተንቀጥቅጠዋል። የእኛው ሐኪሞች በእኛው አልጋ ላይ፣ በእኛው የቀን ሠራተኞች ሕመም ለዓለም ያስተማሩትን ነገር እኛ ቨርጂኒያ ላይ ለገዛ ወገናችን በአምስት መስመር መንገር ፈራን። የአገር ቤት ነርስ መርፌውን ከሰጠች በኋላ አልጋው አጠገብ ትቆያለች። እዚህ ግን ወረቀት እንኳ አልቆየልኝም።

ወደ ድባቴው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሐኪም «ቀጥል» ብሎኝ መድኃኒቱን እንደገና ጀመርሁ። ትኩሳቱ ለቀቀ፣ ሽፍታው ከሰመ፤ ሰው ሁሉ ዳነ አለ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ነው መውረድ የጀመርሁት። ፍልሰታ ገባ፤ በባዶ ሆድ ስውጠው ያጥወለውለኛል፤ ፀሐይ አትሙቅ ስለተባልሁ መጋረጃ ዘግቼ እውላለሁ፤ ሌሊት በሦስት ሰዓት ተኝቼ በስምንት ሰዓት ዓይኔ ይፈጣል። አንድ ቀን እንጀራ ገዝቼ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ቁልፉን ግን ማዞር አቃተኝ። አርባ ደቂቃ ተቀመጥሁ። እንጀራው ኋላ ወንበር ላይ በላስቲኩ ውስጥ አልቦታል፣ ስልኬ ይጮኻል፣ ባለቤቴ መሆኗን አያለሁ፣ እጄ አይነሣም። አላዘንሁም፤ ባዝን ይሻለኝ ነበር። ውስጤ ምንም አልነበረም።

ጎረቤታችን እትዬ «አንተ ልጅ፣ ሐሳብ አታብዛ» አሉኝ። «እሺ እትዬ» አልኋቸው። ጠበልም ጠጣሁ፤ አሁንም እጠጣለሁ፤ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ተጣልቶብኝ አያውቅም። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ ግን «ትንሽ ደክሞኛል» አልሁት። ምክንያቱም ድባቴ ከዚህ ሕመም ጋር ሊመጣ እንደሚችል የነገረኝ ስላልነበረ የራሴ ድክመት መሰለኝ፤ ድክመቱን ደግሞ ማን በፈቃዱ ይናገራል? በቀጣዩ ቀጠሮ አብራኝ የገባችው ባለቤቴ ናት ጉዱን ያወጣችው፦ «ዶክተር፣ ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ አይስቅም፣ አይቆጣም፣ ልጁ ሲጠራው አይዞርም።» ከዚያች ዐረፍተ ነገር በኋላ ነው የንግግር ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የምሄዳት የማለዳ እግር ጉዞ የመጡት። ወራት ፈጅቶብኛል።

«የኑሮ ጣጣ ነው» ለሚሉት፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መዝገብ ከ1994 እስከ 2016 ድረስ አገላብጧል። ሆስፒታል የላይም በሽታ እንዳለባቸው የመዘገባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በአእምሮ ሕመም የመያዛቸው መጠን በ28 በመቶ ይበልጣል፤ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው መጠን እጥፍ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ እዚያ እንደማይደርስ እኔም አውቃለሁ፤ ለማስፈራራት አላነሣሁትም። ግን ዴንማርኮቹንስ የያዛቸው የግሪን ካርድና የቤት ኪራይ ሐሳብ ነው? ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በሰውነት ውስጥ የሚነድ ብግነት፣ አንዳንዴም ነርቭ ውስጥ የገባ ጀርም፣ እነዚህ ሁሉ ስሜትን የሚያወርዱ ናቸው። ኑሮ ቢጨመርበት ደግሞ ለመንገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው እንጂ ለመደበቅ አይሆንም።

ለነገሩ «ሐሳብሽ ነው» የሚለው ፍርድ ለዚህ በሽታ አዲስ አይደለም። ኮነቲከት ውስጥ በላይም ከተማ አካባቢ ትኖር የነበረችው ፖሊ መሪ ራሷም ልጆቿም ለዓመታት ሲታመሙ ሐኪሞች የአእምሮሽ ነገር ነው ብለው ሲመልሷት ኖረዋል። እርሷ ግን የታመሙትን ልጆች ስም በወረቀት መዝግባ እ.ኤ.አ. በ1975 ለግዛቱ የጤና ቢሮ አመለከተች፤ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ፤ በሽታውም የከተማዋን ስም ይዞ ቀረ። ጀርሙን ዊሊ ቡርግዶርፈር እስኪያገኘው ድረስ ሌሎች ዓመታት አለፉ። ያቺ ሴት «እሺ፣ ሐሳቤ ነው» ብላ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምታድሉት በራሪ ወረቀት ርእስ አይኖረውም ነበር።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር የባሰበትን ሰው «እየባሰብህ ከሆነ እየዳንህ ነው» እያሉ በየኢንተርኔቱ አንቲባዮቲክና ዱቄት የሚሸጡ አሉ። ውሸት ነው። የመጀመሪያ ቀን ግብረ መልስ ወር አይቆይም፤ አንቲባዮቲክን ማራዘም የቆየውን ሕመም እንደማያድን በአሜሪካም በኔዘርላንድም የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ኮሚቴው እነዚህን ሰዎች ከፈራ ልክ ነው። ግን እናንተ የተዋችሁትን ባዶ ቦታ ማን የሚሞላው ይመስላችኋል? የእኔ ወንድም የመጀመሪያ ቀን ቢብስበት በአማርኛ ፈልጎ የሚያገኘው የእነርሱን ቪዲዮ ነው፤ የእናንተ ወረቀት ስለ ጉዳዩ ዝም ብሏልና።

አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 476,000 ሰዎች ለላይም እንደሚታከሙ ይገመታል፤ በሽታው ከበረታባቸው አካባቢዎች መካከል የእኛ ሰው ተሰብስቦ የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሉ። በክረምቱ በየፓርኩ ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ዶሮ ወጥ የምንበላው እኛ ነን። የጤና ቀን ያዘጋጁት ወገኖቼ ደጎች ናቸው፤ ክፋት ቢኖርባቸው ዝም እል ነበር።

አንቀጿ ኮምፒውተሬ ውስጥ ናት። አንድ መስመር ጨምሬባታለሁ፦ መኖር የሰለቸው ሰው በየትኛውም ሰዓት ወደ አሜሪካው የእርዳታ የስልክ መስመር 988 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችል። ሁለተኛው እትም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ላኩልኝ በሉኝ። ስድስት መስመር ሆናለች፤ የስፖንሰሩን ዓርማ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፣ ቢያሳንሱት በደንብ ትገባለች።