ይድረስ ለክቡር «ኔትወርክ የለም»

ባሉበት። የሌሉበት ቦታ ስለሌለ አድራሻ አልጻፍኩም።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ማለት ነበረብኝ። ግን ተለይተውኝ ስለማያውቁ የምናፍቅበት ጊዜ አላገኘሁም።

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከተማችንን መቼም ከእኔ በላይ ያውቋታል። ቢሮ ውስጥ ነዎት፣ ሱቅ ውስጥ ነዎት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነዎት። ብድር ያልከፈለ እርስዎን ይጠራል። ስልክ ያላነሳ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ለእናቱ ያልደወለ ሁሉ በእርስዎ ይምላል። ድሮ ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን የሚሠራው ምች ነበር። ራስ ቢያም ምች፣ ከንፈር ቢቆስል ምች፣ ሰውነት ቢንቀጠቀጥ ምች። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ዳማከሴ። የእርስዎም ዳማከሴ ይታወቃል። «ነቅለህ ሰካው» ይባላል። አንዳንዴ ያሽራል። ምኑን እንዳሻረ ግን የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ወር አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ። የሄድኩት ልከፍል ነው፤ ልቀበል እንኳ አይደለም። መስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ኔትወርክ የለም» አለችኝ። ስልኳ ላይ ግን አንዲት ድመት ከቁም ሳጥን ላይ ትወድቃለች። ተነስታ ደግማ ትወድቃለች። ቪዲዮው አንዴም አልተንገጫገጨም። እንግዲህ እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉበት አገር ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰሙ «ኔትወርክ የለም»። ወርቁ «ዛሬ ስልችት ብሎኛል»። እንዲህ ፈትቼ ወጣሁ።

ኋላ ሳስበው ሐሜት ሆነብኝ። የልጅቷ ስልክና የቢሮዋ ኮምፒዩተር በአንድ መንገድ አይሄዱም። ስልኳ በሞባይል ዳታ ከማማው ጋር ነው የሚያወራው። ኮምፒዩተሯ በገመድ የቢሮውን ኮምፒዩተሮች ወደሚያገናኘው ስዊች፣ ከስዊቹ ወደ ውጭ ወደሚያወጣው ራውተር፣ ከራውተሩ ደግሞ መዝገቡ ወዳለበት ሰርቨር ይሄዳል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው እንበል። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የአባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ብርሃን ግን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ይህችን ርቀት ሁለት ሚሊ ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሳታል። ከዚህ ሁሉ አንዷ ነገር ብትበላሽ፣ ወይ ሰርቨሩ ራሱ ቢተኛ፣ ልጅቷ ፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ያው ፊት፣ ያው ልብስ። የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚነግራት የለም። ድመት ከማየት ሌላ ምን ታድርግ?

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አምስት ተከራይ ነን። ዋይፋዩ የአከራያችን የእትዬ ነው፤ ሒሳቡን እንካፈላለን። ራውተሩ ሳሎናቸው ውስጥ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፣ ከልጃቸው የምርቃት ፎቶ ጎን። ነጭ ዳንቴል ለብሷል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ ነገር እንዳይግል ዳንቴሉን ብናነሳለት» ብላቸው «አቧራ ይጠጣ?» አሉኝ። ተውኩት። ዳንቴል እንኳን ሞገድ ብርድም አይከለክል፤ ሙቀቱ ነው የሚያሳስበኝ።

የእኔ ክፍል ጓሮ ነው። በመሃላችን ሁለት የጭቃ ግድግዳ አለ። ራውተሩ ሁለት ዓይነት የዋይፋይ ሞገድ ይለቃል። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ፈጣን ነው፤ ግን ሁለተኛው ግድግዳ ላይ እጁን ይሰጣል። የ2.4ቱ ዝግ ቢልም ግድግዳ ማለፍ ይችልበታል። ክረምት ላይ ጭቃው ውሃ ሲጠጣ እሱም ይደክማል። አልጋዬ ላይ አንድ መስመር ይመጣል። በሩ ላይ ሁለት። ሽንት ቤቱ አጠገብ ሦስት። ለስብሰባ ብሎ ሽንት ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ለጎረቤትም ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ አሮጌ ራውተር ገዛሁ። ከእትዬ ራውተር ጀርባ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ካንዱ ገመድ ስቤ፣ በኮርኒሱ አሳልፌ፣ የእኔው ጀርባ ካሉት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካሁ። ገመዱ 20 ሜትር አይሞላም፤ እስከ 100 ሜትር ይችላል። አረንጓዴ መብራት በራ። እንደ መሐንዲስ እጄን አራግፌ ተኛሁ።

ጠዋት እርስዎ መጡ።

አመጣጥዎ ግራ ያጋባ ነበር። የአንዱ ተከራይ ስልክ ይሠራል፣ የሌላው አይሠራም። ጠዋት የሠራው ማታ እምቢ ይላል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ አጠገቡ ግን ቃለ አጋኖ ቆሟል። እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «አንተዬ፣ ኔትወርክ የለም እንዴ ዛሬ?» አሉኝ። ሳላቅማማ «አዎ እትዬ፣ አገር ምድሩ ጠፍቷል» አልኳቸው። ይፍቱኝ፣ በስምዎ ተጠቀምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ተጠቀምኩ።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ላፕቶፔን ከፍቼ ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ። ፒንግ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፋት ትንሽ ፕሮግራም ናት። ሥራዋ «አለህ?» ብሎ መጣራት ነው። የተጠራው ካለ «አለሁ» ይላል፤ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደመለሰም ትነግርዎታለች። የእርስዎ ጠላት ማለት እሷ ናት። መጣራት የሚጀመረው ከቅርብ ነው። ራውተሩን በቁጥር አድራሻው ጠራሁ፤ 192.168.1.1። መለሰ። ከግቢው ውጭ ያለውን የጉግልን 8.8.8.8 ጠራሁ። ዝም። ቁጥሩ መልሶ የድረ ገጹ ስም ብቻ እምቢ ቢል ኖሮ ጥፋቱን ዲኤንኤስ ላይ አላክክ ነበር፤ ስም ሲነግሩት ቁጥሩን ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነውና። የእኔ ግን ከዚያ በፊት ነው የቆመው። ራውተሩ «አለሁ» ይላል፣ ከደጅ ግን አያወጣም።

የትኛው ራውተር? ይህን የመጀመሪያ ቀን ብጠይቅ ምን ነበረበት። ገመዱን ስሰካ የእትዬን ራውተር ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስቼው ነበር። አየሁት፤ 192.168.1.1። የእኔን ገለበጥኩ። እሱም 192.168.1.1።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስልክ ግቢያችን ገብቶ ዋይፋይ ሲይዝ፣ መጀመሪያ ጮክ ብሎ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ይላል። የሚሰጠው ዲኤችሲፒ ነው፤ ራውተሩ ውስጥ ይኖራል። ቁጥሩን ለዘለዓለም አይሰጥም፣ ለተወሰነ ሰዓት ያከራያል። ኪራዩም በእንግሊዝኛው «ሊዝ» ነው የሚባለው፣ እውነቴን ነው። ከእኛ ሊዝ የሚለየው ጨረታ የሌለው መሆኑ ነው። እኔ ታዲያ ያንን አሮጌ ሳጥን ስሰካ ግቢው ሁለት አከራይ አገኘ። ቀድሞ የመለሰ ያከራያል። ስልኩ ወደ ውጭ መውጣት ሲፈልግ ደግሞ «192.168.1.1 ማነው? በር ክፈትልኝ» ብሎ ይጣራል። ሁለቱም ሳጥኖች «እኔ ነኝ!» ይላሉ። የእትዬን ያመነ ስልክ ዓለምን ያያል። የእኔን ያመነ ጓሮ ይቀራል፤ የእኔ ራውተር ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ቀዳዳ ባዶውን ነዋ።

ማስተካከሉ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ገመዱን ነቀልኩ። የራውተሬን አድራሻ 192.168.1.2 አደረግሁ፤ የእትዬ ራውተር አድራሻ ማደል የሚጀምረው ከ192.168.1.100 ስለሆነ አይጋጩም። ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ። መልሼ ሰካሁ። አከራይነቴን በፈቃዴ ለቀቅሁ ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ መምጣትዎን አልከለክልም። ግን እባክዎ እንደ ሰው ከነአባትዎ ስም ይምጡ። «ኔትወርክ የለም ዲኤንኤስ»። «ኔትወርክ የለም ገመድ በጥሰው»። ካስፈለገም «ኔትወርክ የለም ተከራዩ ነካክቶት»። አባትዎ ከታወቀ ለማን እንደምንከስዎ አይጠፋንም።

በነጋታው እትዬ ቡና ጠሩኝ። ባሕር ዳር ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ጥርት ብሎ ይስቃል።

«መጣ እኮ!» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ አስተካከሉት መሰለኝ።»

ስኒውን እያቀበሉኝ «እነማን?» አሉ።

«ያው... እነሱ ናቸዋ።»

ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለውን ገመዴን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«በል ንሳ፣ ሳይበርድ ጠጣ» አሉኝ። ተነሱና የራውተሩን ዳንቴል አቃኑ።

አክባሪዎና ባለዕዳዎ፣
የጓሮው ተከራይ
ከደብረ ማርቆስ