መብራት ሲሄድ ስብሰባው ለምን አብሮ ይሄዳል?

የጅማ ክረምት ኃይለኛ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክም አያሸንፈው። ባለፈው ክረምት ስለ ቡና በሽታ የተጠራ አንድ ጉባኤ ላይ ነበርኩ። አቅራቢዋ ገና ሦስተኛው ስላይድ ላይ እያለች መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ። ፕሮጀክተሩ ግን አልበራ አለ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ጠባዩ ነው፤ ድንገት ከጠፋ እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። ዋይፋዩም ስለሄደ በዙም የገቡት በሙሉ ጠፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። መድረክ መሪው «አንዴ ታገሱን» አሉና ቁጭ አሉ። አምስት ሰው ላፕቶፑን ከበበው። «ይሄ ልጅ የት ሄደ?» ተባለ። ልጁ ጄኔሬተሩ ጋ ዝናብ ይደበድበዋል። ሰዉ ስልኩን አወጣ። ሃያ ደቂቃ እንደዋዛ አለፈ።

መብራቱን አልወቅስም፤ ይጠፋል። የምወቅሰው «እስኪስተካከል» ብለን አፋችንን መዝጋታችንን ነው። አቅራቢዋ ጥናቱን የሠራችው ራሷ ናት፤ ያለ ስላይድ መናገር አያቅታትም ነበር። የምትናገርለት የቡና ፍሬ በሽታ እዚህ አገር የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ እሷ ሳትወለድ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብረውት የኖሩ ገበሬዎች ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። መድረክ መሪው ዞር ብለው «እስቲ አባቶች፣ እናንተ ጋ እንዴት ነበር?» ቢሉ ምን ነበረበት?

የአፕሉ ስቲቭ ጆብስም ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ አዳራሹ ውስጥ ዋይፋይ የከፈተው መሣሪያ በዝቶ ኔትወርኩ ታነቀ። ሰውየው ችግሩን ለታዳሚው ነገረ፤ ዋይፋያችሁን አጥፉ፣ ላፕቶፓችሁን መሬት አስቀምጡ አለ። ጥፋቱን መጋረጃ ጀርባ ባለ ልጅ ላይ አላላከከም። ታዳሚው ምን እንደተፈጠረ ካወቀና የሚሠራው ነገር ከተሰጠው ይታገሣል።

የዕቃው ዝግጅት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቶሎ የሚሞተው የኢንተርኔቱ ሳጥን ነው። እሱንና ፕሮጀክተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ መሰካት ነው። ለዙሙ ሁለተኛ አስተናጋጅ ይሾም፤ ከአዳራሹ ውጭ ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚገባ። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮው ይዘጋ፣ ድምፁ ይቀጥል፤ ድምፅ ብቻውን በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል። ማይክ ይዞ ስፒከር ፊት መቆም ክልክል ይሁን፤ ጆሯችን አለቀ።

የኛ ብቻ የሆነም ጣጣ አለ። አንድ ዶክተር በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የጻፉት ስላይድ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ወደ ምልክት መዓት ይቀየራል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ፊደል በየኮምፒውተሩ እንዳይቀያየር የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን በፍላሽ ተሸክመን የምንዞረው የድሮውን ነው። ስላይዱ ከዋዜማው ወደ ፒዲኤፍ ቢቀየር ይህ ሁሉ የለም።

የሚያናድደኝ የጠፋው ሰዓት ዕዳ ነው። ያን ቀን የመክፈቻው ንግግር አርባ ደቂቃ ፈጅቷል፤ ማንም «ያሳጥሩልን» አላለም። የጠፋው ሃያ ደቂቃ የተቀነሰው ግን ከሰዓት በኋላ ከነበሩት ወጣት አቅራቢዎች ነው። ከሩቅ ወረዳ በሌሊት አውቶቡስ የመጣ ልጅ «አምስት ደቂቃ አለህ» ተባለ። ሁለት ዓመት የሠራበትን ነው! እኔ ብሆን ከመክፈቻውም ከመዝጊያውም እቆርጥ ነበር።

የዚያን ቀን ምርጡን ንግግር የሰማሁት ሻይ ዕረፍት ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲኒያቸውን እንደያዙ ለሦስታችን አወሩልን። በዚያ ዘመን ማሳው ሁሉ ፍሬው ጠቁሮ ሲረግፍ ጥቂት ዛፎች ንጹሕ ሆነው ይቀሩ ነበር አሉ። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎችን የመረጠው እንዲህ ካሉ ዛፎች ነው። «ለምን አዳራሽ ውስጥ አልነገሩንም ኦቦ?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉና ሲኒያቸውን ሊያስሞሉ ሄዱ።