«ፌስታል የለሽም?»

ኧረ በቃ ወገን! ዛሬ ሰኞ ገበያ አንድ ጎልማሳ «ፌስታል ካልሰጠሽኝ ተይው» ብሎ የተመዘነለትን ሽንኩርት ሻጯ ላይ ጥሎባት ሄደ። ምን አደረገችው? ሕጉን እሷ አወጣችው? ስስ ፌስታል እኮ ድሮ በ1999 አዋጅ የተከለከለ ነው! በ2017 የጸደቀው ደግሞ ተጠቃሚውን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል፤ ለሻጭማ ከዚያም ይብሳል። ያን ቅጣት ሊከፍልላት ነው? ባጃጅ ውስጥ ማማረር፣ ሱቅ በር ላይ ማማረር! ዘንቢል መያዝ ምኑ ያሳፍራል? እናቶቻችን ደሴን ሙሉ በዘንቢል አይደል የገበዩት? የቦርከናን ወንዝ ሄዳችሁ እዩት እስቲ። ዳር ዳሩ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ፌስታል አብቅሏል! ክረምት ቱቦው ተደፍኖ ጎርፉ ቤታችን ሲገባ ማንን ልንጠይቅ ነው? ላሚቱ በልታው ስትሞትስ?