ለሁለት መቶ ተጠቃሚ ኩበርኔቲስ ምን ይሠራል?

የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ ሰሞኑን ያስተላለፉት ውሳኔ አናዶኛል። ትንሹም ትልቁም ሲስተም በማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም በኔትወርክ በሚነጋገሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች (ሰርቪሶች) ተበጣጥሶ፣ በብዙ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ ይውጣ ብለዋል። ምክንያታቸው ጎግልና ኔትፍሊክስ እንዲህ ስለሚሠሩ ነው።

ይሄ ምክንያት አይባልም። ጎግል ኩበርኔቲስን በ2014 ይፋ ያደረገው እልፍ አእላፍ ማሽኖችን ሲያስተዳድር ካካበተው ልምድ ተነስቶ ነው። የእሳቸው ሲስተም ደግሞ ሁለት መቶ የሚሆን ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅበት ነው። ማታ ማንም አይገባበትም።

ለነገሩ የክላውድ አገልግሎት የሚሸጠው አማዞን ራሱ ምን አደረገ? በ2023 የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ቡድን የቪዲዮ ጥራት መቆጣጠሪያውን ከላምዳ (ትንንሽ ኮድ ሲጠራ ብቻ ከሚያሠራው የአማዞን አገልግሎት) እና ከስቴፕ ፋንክሽንስ (እነዚያን እርምጃዎች በተራ ከሚያቀናጀው) አውጥቶ ወደ አንድ ፕሮግራም ሰበሰበው። ወጪው ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። አሮጌው አሠራር ከቪዲዮው የወጣውን ምስል የአማዞን ፋይል ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ከዚያ ያወርደዋል። ስቴፕ ፋንክሽንስም ለእያንዳንዱ እርምጃ ያስከፍላል። ሲስተሙ ከታሰበለት ጭነት 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቆመ። አሁን ምስሉ እዚያው ሚሞሪ ውስጥ ይተላለፋል፤ አለቀ።

ገንዘቡ እንኳ ይቅር። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ፋንክሽን መጥራት ናኖሰከንዶች ይፈጃል፤ አይጠፋም፣ መንገድ ላይ አይቀርም። መሃል ላይ ኔትወርክ ስታስገቡ ግን ጣጣው ይጀምራል። የፈቃድ ሰርቪሱ ጥያቄውን ያጸድቃል። ቀሪ ቀን የሚቀንሰው ሰርቪስ ታይምአውት ያደርጋል፤ በጊዜው መልስ አይሰጥም። ሠራተኛው እረፍት ወጣ፣ ቀኑ ግን አልተቀነሰም። ወይም ቀኑ ተቀንሶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ድጋሚ ሲሞከር ሁለት ጊዜ ይቀነስበታል። አንድ ዳታቤዝ ቢሆን ትራንዛክሽኑ ሮልባክ ያደርግና፣ ማለትም የተጀመረውን ሁሉ ወደ ነበረበት ይመልስና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። አሁን ግን ይህን ሁሉ ኢንጂነሩ በእጁ ሊጽፈው ነው፤ ስህተቱንም ከየሰርቪሱ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ሲለቅም ሊያድር ነው።

በርካታ ቡድኖች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ አዲስ ኮዱን ዲፕሎይ ማድረግ (ሥራ ላይ ማዋል) ካለባቸው መከፋፈሉ ያስኬዳል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚመጣ አጭር ሥራም ላምዳ ግሩም ነው። አራት ኢንጂነር ላይ አሥራ አምስት ሰርቪስ መጫን ግን ግፍ ነው።

ኃላፊው ይህን ይመልሱ፦ ሲስተማቸው በተጨናነቀበት ሰዓት በሰከንድ ስንት ጥያቄ ይቀበላል? ቁጥሩ እጃቸው ላይ ከሌለ ውሳኔውን ዛሬውኑ ይሰርዙት።